ተባይን የሚበሉ አዳኝ ማይቶችን በብርቱካንና በሎሚ ዛፎች ላይ እንዴት እንጠቀም? የአሠራር መመሪያ

ብርቱካን፣ ሎሚ፣ መንደሪንና ግሬፕፍሩት ከሚያለሙ ሰዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አዳኝ ማይት ገዝቼ ለቀቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ቅጠሉ ግን እንደነበረ ነው፤ ምን አጠፋሁ?» የሚል። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማይቶቹ በተለቀቁበት ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነው። ዛፉ ላይ የቀረ የመርዝ ቅሪት ይኖራል፣ ሥራው ዘግይቶ ተጀምሯል፣ ወይም የተመረጠው አዳኝ ዛፉ ላይ ያለውን ተባይ የሚበላ አይደለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአለቃቀቁ ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

አዳኝ ማይቶች ርዝመታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ካደጉ በኋላ ስምንት እግር ያላቸው፣ ተባዩን ወግተው ፈሳሹን የሚመጥጡ ፍጥረታት ናቸው። የሚመገቡት ቅጠል መጣጭ ማይቶችን፣ የትሪፕስ (ቅጠልና ፍሬ የሚጎዱ ደቃቅ ነፍሳት) እጮችን፣ የነጭ ዝንብን እንቁላልና ጫጩት ነው። በስኬል (ቅርፊት መስለው ዛፉ ላይ የሚለጠፉ መጣጭ ነፍሳት)፣ በሚሊባግ (ነጭ ዱቄት የለበሱ መጣጭ ነፍሳት)፣ በክሽክሽ፣ በቅጠል ሰርሳሪና በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ስለሌለ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ችግርዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ገንዘብዎን በአዳኝ ማይት ላይ አያውጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ (ያለዚህ ዕቃ ሥራውን መጀመር አይቻልም)
- ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሳህን
- ማስታወሻ ደብተርና በናሙና ዛፎች ላይ የሚታሰር ባለ ቀለም ጨርቅ
- የአየር ሙቀትና እርጥበት መለኪያ
- ፀረ ተባይ ተደርጎበት የማያውቅ የውሃ መርጫ
- ቅዝቃዜ የሚይዝ ሳጥን
- ጉንዳን የሚይዝ ተለጣፊ ቅባትና በግንዱ ላይ የሚጠመጠም ወረቀት ወይም ጨርቅ
- አቧራ የሚከላከል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ
- አዳኝ ማይቶቹ (እነዚህ የሚታዘዙት ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው)

ደረጃ 1፦ ተባዩን በትክክል ይለዩ

ከአትክልቱ ስፍራ የተለያየ ቦታ 10 ዛፎችን ይምረጡና ጨርቅ ይሰሩባቸው፤ ከእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ 10 ቅጠሎች ይመልከቱ። በየቅጠሉ ላይ ያሉትን ማይቶች አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም፤ ከ100 ቅጠሎች ስንቱ ላይ ተባይ እንዳለ፣ ስንቱ ላይ ደግሞ አዳኝ እንዳለ ብቻ ይመዝግቡ። ይህ አቆጣጠር ፈጣን ከመሆኑም በላይ የተባዩንና የአዳኙን ስርጭት ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ከሳምንት ወደ ሳምንት ለማነጻጸር ያመቻል።

በሌንሱ የሚያዩት የሚከተለውን ይመስላል። ባለ ሁለት ነጥብ ማይት ሐመር ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ በጎንና በጎኑ ጠቆር ያለ ነጥብ አለው፤ በቅጠሉ ጀርባ ድር ያደራል፣ እንቁላሉም ክብ ነው። የብርቱካን ቀይ ማይት ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን በቅጠሉ የላይኛው ገጽም ይገኛል፤ ቀይ እንቁላሉ መሐሉ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመ ቀጭን ዘንግ ስላለው አንድ ጊዜ ያየው ሰው ዳግመኛ አይስተውም። የዝገት ማይት ግን ርዝመቱ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ካሮት መሰል ቢጫ ፍጡር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ይልቅ ቀድሞ የሚታየው በፍሬው ልጣጭ ላይ የሚያመጣው ቡናማ ወይም ብርማ ቀለም ነው። በፍሬው ራስ ዙሪያ፣ ከእንጨቱ አጠገብ፣ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ካዩ ደግሞ ትሪፕስን ይጠርጥሩ።

አዳኙን ለማግኘት በዛፉ ውስጠኛ ክፍል፣ ጥላ ውስጥ ያለ ቅጠል ይገልብጡና መካከለኛውን የቅጠሉን ደም ሥር ተከትለው ይመልከቱ። የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ወዲያው ወደ ደም ሥሩ ጥግ የሚሮጥ ነገር ካዩ እርሱ አዳኝ ነው። ተባዩ ዝግ ብሎ ይሄዳል ወይም አፉን ቅጠሉ ላይ ተክሎ ይቆያል። የአዳኙ እንቁላል ሞላላ፣ የባለ ሁለት ነጥቡ ግን ክብ መሆኑም ሌላ ምልክት ነው። ይህን ልዩነት መለየት እስኪችሉ ድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ቢለማመዱ ጊዜው አልባከነም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዛፉ ላይ በተፈጥሮ የሚኖሩትን አዳኞች ተባይ መስለውት በመርዝ ይጨርሳቸዋል።

ደረጃ 2፦ ለተባዩና ለአየሩ የሚስማማውን አዳኝ ይምረጡ

ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ብርቱካናማ ቀይ ሲሆን የሚበላው ድር የሚያደሩትን የባለ ሁለት ነጥብ ማይትና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው። በሆዳምነቱ የሚወዳደረው የለም፤ አንዲት ሴት በቀን 20 ያህል እንቁላል ወይም 5 ያህል ያደጉ ማይቶች ትበላለች። ድክመቱ ሁለት ነው፦ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ እንቁላሉ ይደርቃል፣ ተባዩ ሲያልቅም እርሱ በረኃብ ያልቃል። ስለዚህ ለተቀጣጠለ ወረርሽኝ እንጂ ለረጅም ጊዜ ጥበቃ አይሆንም። የሚስማማው ሙቀት ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ነው።

ኒዮሴዩለስ ካሊፎርኒከስ ሙቀትንና ደረቅ አየርን ከፐርሲሚሊስ በተሻለ ይቋቋማል፤ ባለ ሁለት ነጥቡንም የብርቱካን ቀይ ማይትንም ይበላል። ተባይ ሲያጥር በአበባ ብናኝ መሰንበት ስለሚችል ተባዩ ገና ጥቂት እያለ ሊለቀቅ ይችላል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ለሜዳ ዛፍ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

አምብሊሴየስ ስዊርስኪ ለትሪፕስ እጭና ለነጭ ዝንብ እንቁላልና ጫጩት የሚመረጥ አዳኝ ነው። ሞቃት አየር ይወዳል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ሥራው ይዳከማል። ትልልቅ ትሪፕሶችን ስለማይገድል ሥራው የሚቀጥለውን ትውልድ ማሳነስ መሆኑን አውቀው ይግዙት።

ከእነዚህ ውጭ ዩሴየስ የሚባለው ወገን በብዙ የብርቱካን አትክልቶች ውስጥ ሳይገዛ በራሱ ይኖራል። ዋና ምግቡ የአበባ ብናኝ ስለሆነ በፉርሽካ አርብቶ ለመሸጥ አያመችም፤ ባለበት ቦታ መንከባከብ ግን ይቻላል። በደረጃ 1 ቆጠራዎ ላይ አዳኞች በብዙ ቅጠሎች ላይ ከተገኙና የተባዩ ቁጥር ካልጨመረ ምንም አይግዙ፤ ደረጃ 3ንና 4ን ብቻ ይፈጽሙ።

ደረጃ 3፦ የርጭት ታሪኩን ይመርምሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚናቀው፣ ከሁሉም በላይም ዋጋ የሚያስከፍለው ነው። ባለፉት ሦስት ወራት በዛፉ ላይ የተረጨውን ሁሉ፣ ፀረ ፈንገሱን ጨምሮ፣ ከነቀኑ ይጻፉ። ፓይሪትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ ኦርጋኖፎስፌቶችና ካርባሜቶች፣ ቅጠሉ ላይ የሚተዉት ቅሪት አዳኝ ማይትን ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊገድል ይችላል። አባሜክቲን የተባለው ፀረ ማይት መርዝ በቀጥታ ሲነካቸው ይገድላቸዋል፣ ቅሪቱም ለቀናት ይቆያል። ድኝና ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስም ይጎዷቸዋል። በአንጻሩ ለተክል ርጭት የተዘጋጀ ዘይትና ሳሙና የሚገድሉት እርጥብ ሳሉ የነኩትን ብቻ ስለሆነ ከደረቁ በኋላ ማይት መልቀቅ ይቻላል።

ከረጅም ቅሪት መርዝ በኋላ ጊዜው ሳይሞላ መልቀቅ ማይቶቹን መርዝ ላይ ማሰማራት ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ዓይነቶቹ መርዞች አዳኙን ከተባዩ ይልቅ አብዝተው ስለሚገድሉ ከርጭቱ ከሳምንታት በኋላ የተባይ ማይት ቁጥር ከቀድሞው በላይ ማሻቀቡ የተለመደ ነው። የመርጫ ታንከር ጉዳይም አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዛፎቹን ከአቧራ ለማጠብ ቀደም ሲል ፓይሪትሮይድ የተደረገበትን መርጫ አለቅልቄ ተጠቅሜ ነበር፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሌንሴን ይዤ ብዞር አንድም ሕያው አዳኝ አላገኘሁም። በዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ ለውሃ ብቻ የሚያገለግል መርጫ የተጠየቀው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ዛፉን ያዘጋጁ

በመጀመሪያ አቧራውን ያጥቡ። አቧራ የለበሰ ቅጠል ለድር አድሪ ማይቶች ይመቻል፣ የአዳኞችን እንቅስቃሴና አደን ግን ያውካል፤ በመኪና መንገድ ዳር ያሉ ዛፎች ቀድመው የሚጠቁትም በዚህ ምክንያት ነው። እጥበቱ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ ይድረስ።

ቀጥሎ የተባዩን ቁጥር ይመልከቱ። አዳኝ ማይት ጥቂት ተባይን ያጠፋል እንጂ ቅጠሉን በድር የሸፈነ መንጋን በአንድ ጊዜ አያነሳም። ድሩ ከርቀት የሚታይ ከሆነ አስቀድመው በጣም የተጎዱትን ቅርንጫፎች ቆርጠው ያስወግዱ፤ የቀሩትን ለተክል ርጭት በተዘጋጀ ዘይት ወይም ሳሙና ይርጩ። ዘይት በኃይለኛ ፀሐይ ወይም ውሃ በተጠማ ዛፍ ላይ ከተረጨ ቅጠል ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዛፉን አስቀድመው አጠጥተው በቀዝቃዛው ሰዓት ይሥሩ። ውሃ የተጠማ ዛፍ ለማይት የተጋለጠ በመሆኑ ማጠጣቱ በራሱም የሥራው አካል ነው። ናይትሮጅን ያለ ልክ መስጠትም የተባዩን መራባት ስለሚያፋጥን በዚህ ወቅት ማዳበሪያውን ቀነስ ያድርጉ።

ጉንዳንን ይከላከሉ። ጉንዳኖች የስኬልና የሚሊባግ ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ዛፉ ላይ ሲመላለሱ ወዳጅ ነፍሳትን ያባርራሉ፣ አዳኝ ማይት ይዘው ዛፉ ላይ የተሰቀሉ ከረጢቶችንም ይዘርፋሉ። መሬት የሚነኩ ቅርንጫፎችን ይቁረጡ፣ ግንዱን በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠምጥመው ተለጣፊውን ቅባት በዚያ ላይ ይቀቡ። በቀጥታ ቅርፊቱ ላይ የተቀባ ቅባት በተለይ ለጋ ዛፍን ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም በዛፎቹ ረድፎች መካከል ያለውን ሣር ሙልጭ አድርገው አያጭዱ። በነፋስ የሚበተን ብናኝ ያላቸው እንደ ሮደስ ያሉ ሣሮች ሲያብቡ ብናኙ ቅጠሎቹ ላይ ያርፍና ተባይ በሌለበት ጊዜ የአዳኞቹ ስንቅ ይሆናል። አንዱን ረድፍ ዛሬ፣ ቀጣዩን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢያጭዱ ሁልጊዜ የሚያብብ ሣር ይኖራል።

ደረጃ 5፦ ማይቶቹን ይዘዙ፣ ሲደርሱም ይመርምሩ

አዳኝ ማይቶች በሁለት መልክ ይመጣሉ። በጠርሙስ የሚመጡት ከፉርሽካ፣ ከሰጋቱራ ወይም ከቨርሚኩላይት (ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ጋር ተደባልቀው ወዲያው የሚበተኑ ናቸው። በትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች የሚመጡት ደግሞ ከፉርሽካና ፉርሽካውን ከሚመገቡ ሌሎች ማይቶች ጋር ስለሚታሸጉ አዳኞቹ በውስጡ እየተራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጥቂት በጥቂት ይወጣሉ። ፉርሽካ በሊታዎቹ ማይቶች ዛፉን አይጎዱም። ፐርሲሚሊስ ሕያው ድር አድሪ ማይት ስለሚፈልግ በጠርሙስ እንጂ በእንዲህ ዓይነት ከረጢት አይጠብቁት።

የሚለቀቀው መጠን እንደ አምራቹ ስለሚለያይ መለያው ላይ ያለውን ይከተሉ። ለግምት ያህል ስዊርስኪ ለመከላከል በካሬ ሜትር 25፣ ተባዩ በበረታበት ቦታ እስከ 100 ይለቀቃል።

ዕሽጉ እንደደረሰ የምርት ቀኑን ይመልከቱ። ከዚያም ጠርሙሱን በዝግታ አገላብጠው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነጭ ወረቀት ላይ ይዘርጉ፤ ለአምስት ደቂቃ ጥላ ውስጥ ትተው በሌንስ ይዩት። ጤነኛ ዕሽግ ከሆነ ከፉርሽካው ጠርዝ የሚወጡ፣ ባዶውን ወረቀት አቋርጠው የሚሮጡ ማይቶች ያያሉ። ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ፣ ወይም ጠርሙሱ የሻጋታ ወይም የአሞኒያ ሽታ ከሰጠ፣ ከመበተንዎ በፊት ለሻጩ ያሳውቁ። ወረቀቱን በኋላ ዛፉ ላይ ያራግፉት።

የሚቻል ከሆነ በደረሱበት ዕለት ይልቀቋቸው። ካልተቻለ ለአንድ ቀን ጥላ ባለበት ቦታ ጠርሙሱን አጋድመው ያስቀምጡ፤ ለፐርሲሚሊስ ከ8 እስከ 10፣ ለስዊርስኪ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማል። የተለመደው የቤት ማቀዝቀዣ ከዚህ በታች ስለሚቀዘቅዝ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ይልቀቁ

ማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ዝናብና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሥሩ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ዛፉ ላይ ቀለል ያለ ውሃ ከረጩ በኋላ ጠብታው ሲደርቅ ይጀምሩ፤ እርጥበቱ ማይቶቹ ምግብ እስኪያገኙ ድረስ ከመድረቅ ያድናቸዋል፣ ቅጠሉ ላይ የቆመ ጠብታ ግን ይይዛቸዋል።

ጠርሙስ ከሆነ ማይቶቹ ወደ ላይ ስለሚሰበሰቡ በየጥቂት ዛፉ ጠርሙሱን በጎኑ ቀስ ብለው ያሽከርክሩ፤ ይህን ካላደረጉ የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ማይቱን፣ የመጨረሻዎቹ ፉርሽካውን ብቻ ይወስዳሉ። ፉርሽካው መሬት እንዳይፈስ ቅጠል በቅጠል በተደራረበበት ቦታ፣ ተባዩ ባለበት ቅርንጫፍ ላይ አብዝተው ያፍስሱ። ከረጢት ከሆነ በማንጠልጠያው ይያዙት፣ አይጭመቁት፣ ተጨማሪ ቀዳዳም አይብሱት፤ በዛፉ ውስጠኛ ክፍል ከቅጠልና ከቅርንጫፍ ጋር እንዲነካካ አድርገው ጥላ ውስጥ ይስቀሉት። በውጪኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ የተሰቀለ ከረጢትን ከሳምንት በኋላ ቢከፍቱት ፉርሽካው እንደ ተቆላ እህል ደርቆ ያገኙታል።

አዳኝ ማይት ክንፍ የለውም። ቅርንጫፎቻቸው በማይነካኩ ዛፎች መካከል በራሱ እግር መሻገር ስለማይችል እያንዳንዱ ዛፍ ድርሻውን ማግኘት አለበት፤ «አንዱ ላይ ብለቅ ይዛመታል» የሚለው ግምት ለግሪንሃውስ እንጂ ተራርቆ ለተተከለ ዛፍ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ይከታተሉ

በሰባተኛው ቀን በእነዚያው 10 ዛፎች ላይ ያንኑ ቆጠራ ይድገሙ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ይቀጥሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈልጉት የተባዩን መቀነስ ሳይሆን የአዳኙን ሞላላ እንቁላል ነው፤ እንቁላል ካለ ሰፍሯል ማለት ነው። ግልጽ ልዩነት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አይጠብቁ።

በመግቢያው ላይ ላለው ጥያቄ አንዱ መልስም እዚህ ጋ ነው። በማይት ተመጥጦ የነጣ ወይም የነሐስ ቀለም የያዘ ቅጠል ዳግመኛ አይለመልምም፣ ጠባሳ ያወጣ ፍሬም አይድንም፤ ስለዚህ ሥራውን በአሮጌው ቅጠል መልክ አይመዝኑት። በሌንስ የሚታየውን ሕያው ተባይና ከተለቀቁ በኋላ የወጣውን አዲስ ቅጠል ይመልከቱ። በሦስተኛው ሳምንት ተባይ ያለባቸው ቅጠሎች ቁጥር እየጨመረ አዳኝ ያለባቸው ካልጨመሩ ደረጃ 3ን እንደገና ይመርምሩና፣ ቅሪት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ በተጠቁት ዛፎች ላይ ብቻ ደግመው ይልቀቁ።

ማስጠንቀቂያ

- የፉርሽካው ብናኝና በውስጡ ያሉት ማይቶች ደጋግሞ በሚነካቸው ሰው ላይ የአለርጂ ችግር ሊያስነሱ ይችላሉ። በተለይ አስም ያለበት ሰው አፍንጫውን ሳይሸፍን አይበትን፤ ጠርሙሱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይከፈት።
- ሕያው አዳኝ ከአገር ወደ አገር ማስገባት በብዙ አገሮች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሻጩ ፈቃድ እንዳለው ሳያረጋግጡ አይዘዙ።
- የጎረቤት ማሳ የሚረጭበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በነፋስ የመጣ መርዝም ያው መርዝ ነው።
- ማይቶቹን በመኪና ሲያጓጉዙ ቅዝቃዜ በሚይዝ ሳጥን ይያዟቸው፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅልሉት። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አይተዉአቸው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ድሩ በዓይን እስኪታይ መጠበቅ የመጀመሪያው ነው፤ በዚያ ሰዓት ተባዩ ከአዳኙ የመራባት አቅም በላይ ሆኗል። ለዝገት ማይት ወይም ለቀይ ማይት ፐርሲሚሊስ መግዛትም ያጋጥማል፤ ሻጩ ጋ ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ የሚገዛ ሰው አለ፣ ማይቶቹ ግን የማይበሉት ተባይ አጠገብ በረኃብ ያልቃሉ። ሦስተኛው ስሕተት በከረጢቱ ውስጥ ወይም በቅጠሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲታይ ደንግጦ መርጨት ነው፤ እጅዎ ወደ መርጫው ከመሄዱ በፊት ቅጠሉን ገልብጠው ፍጥነቱንና የእንቁላሉን ቅርጽ ይዩ። አራተኛው በሌላ ተባይ ምክንያት፣ ለምሳሌ በስኬል ወይም በፍራፍሬ ዝንብ፣ ሙሉ ዛፉን በሰፊው በሚገድል መርዝ መርጨት ነው። መርጨት ግድ ከሆነ አዳኝ ማይትን እንደማይጎዳ መለያው ላይ የተጻፈበትን ይምረጡ፣ የተጠቃውን ክፍል ብቻ ይርጩ፤ ከረጢት የተሰቀለ ከሆነም ርጭቱ ደርቆ እስኪያልቅ አውርደው ጥላ ውስጥ ያቆዩትና መልሰው ይስቀሉት።